በሩ የሚከፈት ካርታ፦ ለሚና ጨዋታ ዲጂታል ካርታ እንዴት ይሠራል?

የመጀመሪያው ካርታዬ በጣም ያምር ነበር። ሦስት ቀን ፈጅቶብኛል። ሣሩ አንድ በአንድ የተሳለ፣ የጣሪያው ክዳን ሳይቀር የሚቆጠር። የጨዋታው ምሽት ደረሰ። ከአራቱ ተጫዋቾች ሁለቱ የገቡት በስልክ ዳታ ነበር። ካርታው አልከፈት አላቸው። ሃያ ደቂቃ ባዶ ስክሪን ላይ ካፈጠጡ በኋላ አንደኛው «ተወው በቃ፣ በአፍህ ንገረን» አለኝ። ያን ምሽት ያለ ካርታ ተጫወትን። እውነቱን ለመናገር ደስ ይል ነበር።

ይህን የምለው ካርታ አያስፈልግም ለማለት አይደለም። ሥራው ምን እንደሆነ ሳላውቅ ስለሣልኩት ነው የተቸገርኩት።

ጨዋታውን ለማታውቁት ባጭሩ፦ አንድ ሰው አጫዋች ይሆናል። ታሪኩን የሚያወራው እሱ ነው። ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ይይዛሉ። «ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት» ብሎ ጸጥ ማለት የለም። አድማጩ ተነስቶ ተረቱ ውስጥ ይገባል፤ «በሩን ሰብሬ እገባለሁ» ይላል፤ መስበር አለመስበሩን ዳይስ ይወስናል። የዚህ ዓይነት ጨዋታ ፈር ቀዳጅ የሆነው ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ እ.ኤ.አ. በ1974 ሲታተም አጫዋቹ ቦታውን በቃሉ ይገልጻል፤ ከተጫዋቾቹ አንዱ ደግሞ እየሰማ በካሬ ወረቀት ላይ ይስላል። ካርታው የሚያድገው እነሱ በሄዱበት ልክ ነበር። የዛሬው ዲጂታል ካርታም ሥራው ይኸው ነው፤ ተጫዋቹ የደረሰበትን ማሳየት፣ ያልደረሰበትን ደብቆ ማቆየት።

አንድ ትንሽ ካርታ አብረን እንሥራ። ወንዝ ዳር የቆመ የተተወ የውሃ ወፍጮ ቤት ነው። ግቢ አለው፣ የወፍጮ ክፍል አለው፣ የእህል ጎተራ አለው፣ ከወፍጮው ድንጋይ ሥር ደግሞ ማንም የማያውቀው ምድር ቤት አለ።

1. ከመሳል በፊት

ኮምፒውተሩን ገና አትክፈቱ። ወረቀትና እስክሪብቶ ያዙ። ለእያንዳንዱ ክፍል አንድ ጥያቄ ብቻ መልሱ፦ ተጫዋቾቼ እዚህ ምን ሊያደርጉ ይችላሉ?

ለወፍጮ ቤቱ የጻፍኩት ይህን ይመስላል። ግቢው፦ በዋናው በር ወይም በወንዙ በኩል ተደብቀው መግባት። የወፍጮ ክፍሉ፦ የውሃውን መዝጊያ ከፍተው መንኮራኩሩን ማዞር፤ ድንጋዩ ሲዞር ወደ ምድር ቤት የሚያስገባው ቀዳዳ ይገለጣል። ጎተራው፦ በመሰላል ቆጥ ላይ ወጥተው ግቢውን በመስኮት መሰለል። ምድር ቤቱ፦ በጨለማ ውስጥ የሚጠብቃቸውን መጋፈጥ ወይም ማባበል።

መጀመሪያ ማድ ቤትና መኝታ ቤትም ነበረው። ማድ ቤቱ ውስጥ ምን ይደረጋል? ምንም። አጠፋሁት። መኝታ ቤቱም ተከተለው። ተጫዋች ባዶ ክፍል ካገኘ ግማሽ ሰዓት ግድግዳ ሲያንኳኳ ያመሻል፤ የሆነ ነገር ደብቃችኋል ብሎ ነዋ!

2. የት ነው የምትጫወቱት?

ካርታውን የሚሸከም ፕሮግራም ያስፈልጋል። ብዙ አለ፤ እኔ የማነሳው ሦስቱን ነው።

ኦውልቤር ሮዲዮ ቀላሉ ነው። ብራውዘር ላይ ይሠራል። አጫዋቹ አካውንት ከፍቶ «ክፍል» ይፈጥርና ሊንኩን ይልካል፤ ተጫዋቾቹ ያለ አካውንት ይገባሉ። ስልክ ላይም ይሠራል። ለጀማሪ ሌላ አልመክርም።

ሮል20 እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ያለ ነው። እሱም በብራውዘር ነው። ካርታውን፣ ዳይሱንና የገጸ ባሕርይ መረጃውን አንድ ላይ ይይዛል። ነፃው አገልግሎት ለመጀመር ይበቃል። ገጹ ግን የታጨቀ ነው፤ መላመድ ይፈልጋል።

ፋውንድሪ እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ ነው። አንዴ ይገዛል፤ የሚገዛውም አጫዋቹ ብቻ ነው። ፕሮግራሙ በእናንተ ኮምፒውተር ላይ ይነሳል፣ ተጫዋቾቹ በብራውዘር ወደ እናንተ ይመጣሉ። ግድግዳና ብርሃን ላይ የሚወዳደረው የለም ባይ ነኝ። ሁለት ችግር ግን አለው። አንደኛ፣ ለስልክ አልተሠራም፤ ላፕቶፕ ይፈልጋል። ሁለተኛ፣ ከውጭ ሰው እንዲገባ የኢንተርኔት መስመራችሁ ላይ 30000 የሚባለውን ፖርት፣ ከውጭ የሚመጣው ሰው የሚያልፍበትን መግቢያ፣ መክፈት አለባችሁ። በሞባይል ዳታ የምትጠቀሙ ከሆነ ይህ ብዙ ጊዜ አይሆንም፤ ኦፕሬተሮች አንዱን አድራሻ ለብዙ ደንበኛ ስለሚያካፍሉ ከውጭ የመጣው ሰው እናንተን ነጥሎ አያገኝም። ያኔ ፕሮግራሙን በክፍያ ሰርቨር (ኢንተርኔት ላይ ያለ ኮምፒውተር) ላይ የሚያስቀምጡላችሁ አገልግሎቶች አሉ።

በሌላ በኩል ሁላችሁም አንድ ቤት ከተሰበሰባችሁ ፋውንድሪ ያምራል። አንድ ዋይፋይ ራውተር ይበቃል። ላፕቶፖቹ እርስ በርስ ይገናኛሉ፤ ኢንተርኔቱ ቢጠፋም ጨዋታው አይቆምም። ይህን ጥቅም አዲስ አበባ ለሚኖር ሰው ማስረዳት አያስፈልግም።

3. መሳል

ሥዕል አልችልም ብላችሁ እንዳትሸሹ። ደንጀን ስክሮል የሚባል ነፃ መሣሪያ በብራውዘር አለ። በማውሱ አራት ማዕዘን ስትጎትቱ ክፍል ይሆናል፤ ሁለቱን ስታነካኩ ግድግዳው ራሱ ይከፈታል። የሚወጣው ጥቁርና ነጭ፣ የድሮ መጽሐፍ የሚመስል ካርታ ነው። ቀለም ለሚፈልግ ደንጀንድራፍት አለ፤ ይገዛል፤ ኮምፒውተር ላይ ይጫናል።

አሁን መጠኑ። በዚህ ጨዋታ ካርታ በካሬ ይከፈላል። በደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ አንዱ ካሬ 5 ጫማ ነው፤ አንድ ሜትር ተኩል ገደማ። አንድ ተራ ሰው በአንድ ተራው 30 ጫማ ይሄዳል፤ ስድስት ካሬ ማለት ነው። ስለዚህ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ አራት ካሬ ብቻ የሆነ ክፍል ውስጥ ውጊያ ብታስነሱ ሁሉም ተላትሞ ይቆማል። ከስምንት ካሬ በታች የሆነ የውጊያ ክፍል አልሠራም። ሆን ብዬ ማጨናነቅ ስፈልግ ብቻ ነው ከዚያ የማወርደው።

ወፍጮ ቤታችን ከነግቢው 24 ካሬ በ18 ካሬ ይሁን። ለአንድ ካሬ 100 ፒክስል፣ ማለትም 100 የሥዕል ነጥብ፣ ከሰጠን ሥዕሉ 2400 በ1800 ይሆናል። ሮል20 በራሱ የሚጠቀመው 70 ፒክስል ነው፤ በዚያ ሂሳብ 1680 በ1260። ይህ ለዓይንም ለዳታም ይበቃል። የእኔ ያ ቆንጆ ካርታ 8000 ፒክስል ነበር! ብዙ ስልኮች ከ4096 ፒክስል በላይ የሆነ ሥዕል ሲመጣባቸው ይንገዳገዳሉ።

ስታስቀምጡት በፒኤንጂ የፋይል ዓይነት አታድርጉት። ዌብፒ ወይም ጄፔግ ይሁን፤ ዌብፒ ይሻላል። ከአንድ ሜጋባይት ከበለጠ ጥራቱን ወደ 80 በመቶ አውርዱት። ማንም ልዩነቱን አያይም።

አንድ ነገር ግን ከልብ ያዙልኝ። ምስጢር የሆነ ነገር ሥዕሉ ላይ አይሳል። የክፍል ቁጥር፣ ወጥመድ፣ የተደበቀ በር፣ ሁሉም ይቅር። ከወፍጮው ሥር ያለው ቀዳዳ ሥዕሉ ላይ ካለ፣ ተጫዋቹ ክፍሉ እንደተገለጠለት ያየዋል። ቀዳዳውን ለብቻው በትንሽ ሥዕል ሥሩ፤ መንኮራኩሩ ሲዞር ታስቀምጡታላችሁ። ምድር ቤቱም ከላይኛው ጋር አንድ ሥዕል ላይ አይሁን። ሌላ ካርታ ነው።

የሌላ ሰው ካርታ ከኢንተርኔት አውርዳችሁ ብትጠቀሙም ያስኬዳል። ቤታችሁ ለመጫወት ችግር የለውም። ለሰው የምታካፍሉት ወይም የምትሸጡት ከሆነ ግን ሠሪው ምን እንደፈቀደ አንብቡ።

4. ካሬውን ማጋጠም

ካርታውን አፕሎድ አድርጉ። ፕሮግራሙ የራሱን ካሬ ከላይ ይዘረጋል። ሁለቱ መግጠም አለባቸው። በራሳችሁ ከሠራችሁት ካሬው 100 መሆኑን መሙላት ብቻ ነው። የሌላ ሰው ከሆነ የሥዕሉን ስፋት በፒክስል ወስዳችሁ ለካሬዎቹ ቁጥር አካፍሉት። 1540 ፒክስል ሆኖ 22 ካሬ ካለው፣ 70 ነው። ሂሳቡ በክፍልፋይ ከወጣ ጠርዙ ላይ ትርፍ ነገር አለ ማለት ነው፤ ቁረጡት።

5. መደበቅ

ካርታው ነፍስ የሚዘራው እዚህ ላይ ነው። ጊዜያችሁን እዚህ አጥፉ።

በኦውልቤር የምትደብቁት በጉም ነው፤ ካርታው ላይ የሚደረብ መሸፈኛ ማለት ነው። የጉም መሣሪያውን ይዛችሁ ካርታውን በሙሉ በአንድ ጊዜ አትሸፍኑት። በየክፍሉ ለየብቻ ሸፍኑ፤ ግቢው አንድ ቁራጭ፣ ጎተራው አንድ ቁራጭ። ከዚያ ተጫዋቹ በሩን ሲከፍት የዚያን ክፍል ጉም ብቻ ታነሳላችሁ። ትልልቅ ክፍሎችን ሁለት ቦታ ክፈሏቸው፤ ከበሩ ላይ ቆሞ የሚታየውና ገባ ብሎ የሚታየው። በቃ። በእጅ የሚሠራ ነው፤ ግን የመግለጡ ሰዓት በእናንተ እጅ ስለሆነ ትንሽ ትወና ይፈቅዳል። «በሩ ሲጥጥ ብሎ ተከፈተ...» ብላችሁ ሁለት ሰከንድ ዝም ማለት፣ ከዚያ ጉሙን ማንሳት።

ፋውንድሪ ላይ ግን እናንተ አታነሱም። ግድግዳ ታሰምራላችሁ፤ እያንዳንዱ ቶከን፣ ገጸ ባሕርዩን ወክሎ ካርታው ላይ የሚንቀሳቀሰው ትንሽ ምስል፣ ከቆመበት የሚታየውን ፕሮግራሙ ራሱ ያሰላል። የግድግዳ መሣሪያውን ይዛችሁ ከማዕዘን ወደ ማዕዘን መስመር ጎትቱ። ኮንትሮል የሚለውን ቁልፍ ከተጫናችሁ መስመሩ ሳይቋረጥ ይቀጥላል። መስመሩን ከሥዕሉ ግድግዳ ውጭኛ ጠርዝ ጋር አስተካክሉት እንጂ ከውስጡ ጋር አታድርጉት። አለበለዚያ ተጫዋቹ ወለሉን ብቻ ያያል፤ ግድግዳው ራሱ ጥቁር ይሆንበታል።

ማዕዘን ላይ ሁለት መስመሮች ካልተነካኩ ብርሃን ያፈሳል። ክር የምታህል ቀዳዳ ትበቃለች። አንድ ጊዜ በእንዲህ ዓይነት ቀዳዳ ተጫዋቼ የጠላቱን ጅራት አየ። ጅራቷን ብቻ። «ይህ ነገር ምንድን ነው?» ሲል ልቤ ወደቀ። ሁለት ሳምንት የደበቅኩት ነበር።

ሁሉም መስመር አንድ ዓይነት አይደለም። ተራው ግድግዳ እይታንም እርምጃንም ይከለክላል። «የማይታይ» የሚባለው እርምጃ ይከለክላል፣ እይታ ግን ያሳልፋል፤ ለጎተራው መስኮት እሱን ተጠቀሙ። ሌላው ተቃራኒ ነው፤ ሰው ያሳልፋል፣ ዓይን ግን አያሳልፍም። በር ላይ ለተሰቀለ መጋረጃ የሚሆነው እሱ ነው። በር ለማድረግ መስመሩን የበር ዓይነት ትሰጡታላችሁ፤ ትንሽ የበር ምልክት ይወጣል፤ ተጫዋቹ ራሱ ነክቶ ይከፍታል። በቀኝ ማውስ ከነካችሁት ይቆለፋል። የተደበቀ በር የሚለውን ከመረጣችሁ ምልክቱ ለእናንተ ብቻ ይታያል፤ ለተጫዋቹ ግድግዳ ነው።

ከዚያ ብርሃን። ወፍጮ ቤቱ ቀን ላይ ከሆነ አትድከሙ፤ የቀን ብርሃን ስጡትና እለፉ። ምድር ቤቱ ግን ድቅድቅ ጨለማ ይሁን። በደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ ችቦ እስከ 20 ጫማ በደንብ ያበራል፤ ከዚያ ወዲያ ሌላ 20 ጫማ ደብዘዝ ያለ ነው። ይህን የያዘው ሰው ቶከን ላይ ትሞላላችሁ። አሁን ችቦው ከማን እጅ እንደሚሆን ክርክር ይጀመራል። የያዘው ወደ ጎን ሲሄድ የቀሩት ጨለማ ውስጥ ይቆማሉ፤ «ኧረ ተመለስ!» ይባላል። ይህን በቃል ብቻ ማምጣት ከባድ ነው።

ቶከኖቹ ላይ «እይታ አለው» የሚለውን ማብራት አትርሱ። ካላበራችሁ ተጫዋቹ ጥቁር ስክሪን ነው የሚያየው፤ ከዚያ ኢንተርኔቱን ሲራገም ያመሻል።

የቶከን ስምም አለ። አንድ ጨዋታ ላይ ደግ ሽማግሌ ሆኖ የሚቀርበውን ሰው ቶከን «ሐሰተኛው ባለ ወፍጮ» ብዬ ለራሴ እንዲመች ሰይሜው ነበር። ስሙ ለሁሉም ይታይ እንደነበር ያወቅኩት ሁሉም አንድ ላይ ሲስቁ ነው።

6. የሚነካ ነገር

ወደ ወረቀታችሁ ተመለሱ። «ይችላሉ» ብላችሁ የጻፋችሁት እያንዳንዱ ነገር ካርታው ላይ የሚነካ ነገር መሆን አለበት።

የውሃ መዝጊያውን እንውሰድ። ኦውልቤር ላይ ሁለት ሥዕል አዘጋጁ፤ ድንጋዩ ተዘግቶ፣ ድንጋዩ ዞሮ ቀዳዳው ተከፍቶ። ሁለተኛውን በዓይን ምልክቷ ደብቁት። መዝጊያው ሲከፈት ግለጡት። ፋውንድሪ ላይም እንዲሁ ነው፤ ነገር ግን ቀዳዳው ላይ አካባቢ ከልላችሁ «እዚህ የገባ ቶከን ወደ ምድር ቤቱ ካርታ ይሂድ» ማለት ትችላላችሁ። ይህ እ.ኤ.አ. በ2024 ከወጣው 12ኛው እትም ጀምሮ ያለ ነው። ከዚያ በፊት ቶከኑን እየጎተትን ነበር የምናወርደው።

ሌላው ፒን ነው። ካርታው ላይ ትንሽ ምልክት ትተክላላችሁ፤ ሲነካ ጽሑፍ ይከፈታል። ጎተራው ውስጥ ያለ የተቀደደ ደብዳቤ ለምሳሌ። ፒኑ ለማን እንደሚታይ አስቀድማችሁ ወስኑ። የእኔ ልማድ ግማሹን ለራሴ ብቻ አደርጋለሁ፤ የጠላቱ ጉልበት፣ የወጥመዱ ዝርዝር። መጽሐፍ ከማገላበጥ ያድናል።

ፒን ግን አታብዙ። ካርታው የገና ዛፍ ከመሰለ ተጫዋቹ ማሰብ ትቶ መንካት ይጀምራል። ለአንድ ክፍል አንድ፣ ቢበዛ ሁለት።

7. አማርኛው

ደብዳቤውን በአማርኛ ጻፉት እንጂ! የራሳችን ሰዎች እየተጫወቱ እንግሊዝኛ ደብዳቤ ማግኘት ጨዋታውን ያቀዘቅዘዋል። ካርታ ላይ መጻፊያ ከፕሮግራሙ ጋር የሚመጡት ፎንቶች ግን ለላቲን የተሠሩ ናቸው፤ ፊደላችን ወይ አራት ማዕዘን ሆኖ ይወጣል፣ ወይ በማይመጥን ፎንት ይተካል። መላው ጽሑፉን ሥዕል አድርጎ ማስገባት ነው። ጊምፕ የሚባለው የሥዕል ማዘጋጃ ፕሮግራም በነፃ ይገኛል። አቢሲኒካ ወይም ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ ፎንት ጫኑ፤ ሁለቱም ነፃ ናቸው። ቡናማ ወረቀት የሚመስል ጀርባ ላይ ጻፉና እንደ ሥዕል አስገቡት። አቢሲኒካ በእጅ የተጻፈ ብራና ስለሚመስል ለአሮጌ ደብዳቤ ይሄዳል። የፋይሉን ስም ግን በላቲን ፊደልና ያለ ክፍት ቦታ አድርጉት፤ አንዳንድ ሰርቨር በአማርኛ ስም ይደናገራል።

8. እንደ ተጫዋች ግቡ

እናንተ የምታዩት ካርታና ተጫዋቹ የሚያየው አንድ አይደለም። ሌላ ብራውዘር ክፈቱ፤ እንደ ተጫዋች ግቡ። አንድ ቶከን ይዛችሁ ከበሩ እስከ ምድር ቤቱ ተጓዙ። ግድግዳ ያፈስሳል? የተቆለፈው በር ተቆልፏል? ስም ይታያል? ከዚያ ቤት ውስጥ ባለው ደካማ ስልክ ክፈቱት። በዳታ፣ ዋይፋዩን አጥፍታችሁ። ከአንድ ደቂቃ በላይ ከፈጀ ወደ ሦስተኛው ደረጃ ተመለሱና ሥዕሉን አሳንሱ።

9. በምሽቱ

ምድር ቤቱን ከመድረሳችሁ በፊት ቀድማችሁ ጫኑት። ፋውንድሪ ላይ የካርታውን ስም በቀኝ ማውስ ስትነኩ ለሁሉም አስቀድሞ የሚያወርድ ትእዛዝ አለ። ሻይ እየተቀዳ ይወርዳል። ድምፁን በሌላ መተግበሪያ አድርጉት፤ ካርታው ቢቆም ወሬው አይቆምም። አንድ ቅጂ ወረቀት ላይ አትሙና አጠገባችሁ አስቀምጡ፤ መብራት አይታመንም።

ጠረጴዛ ዙሪያ ተሰብስባችሁ ቴሌቪዥን አጋድማችሁ ከተጫወታችሁ ደግሞ ካሬው ልክ አንድ ኢንች ቢሆን የአሻንጉሊት ምስሎች ይቆሙበታል። ባለ 43 ኢንች ቴሌቪዥን ስፋቱ 37 ተኩል ኢንች ያህል ነው። 1920 ፒክስል ካለው ለአንድ ኢንች 51 ፒክስል ይደርሳል፤ ካሬው ያን ያህል እስኪሆን አሳንሱት። ስክሪኑ ላይ መስታወት ወይም ወፍራም ላስቲክ አድርጉበት። ቡና ይፈሳል፤ መፍሰሱ አይቀርም።

ሲያልቅ ካርታውን አትንኩት። የተገለጠው እንደተገለጠ ይቆይ፤ ሳምንት ሲመለሱ ከቆሙበት ይቀጥላሉ። ፋውንድሪ ላይ በብርሃን መሣሪያዎቹ መካከል ጉሙን ከመጀመሪያው የሚመልስ ቁልፍ አለ። እርግጠኛ ነህ ወይ ብሎ ይጠይቃል። እኔ ሳላነብ አዎ አልኩት፤ በማግስቱ ተጫዋቾቼ ሁለት ምሽት የዞሩትን ወፍጮ ቤት እንደ አዲስ ከግቢው በር ጀመሩት።